መወሰኛ

ካራ ኬላ ላይ ነው የእንጀራዬ ገመድ፤
አንድ አግዳሚ እንጨት፣ ማንሣትና ማውረድ።
ከተማው በካርታ እዚህ ጋ ያበቃል፤
ከእንጨቱ ወዲያ ማዶ ገብስ ይታጨዳል፣
ጭቃ ይረገጣል።
ቅቤ በቅል ሲመጣ፣ እንቁላል በገለባ፣
ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣
ዲናሬ በዲናሬ ካዝና እንዲገባ።

የፊታውራሪ ይነሱ ጥቁር መኪና ግን አትቀረጥም፤
ሹመት የጫነን ሰው ኬላ አያውቀውም።

ሹመቱ የተሰማ ዕለት ሐምሌ ነበር፣ ዶፍ ዝናብ፤
ብርቄ ጠጅ ቤት ገብተን ሬዲዮኑን ከበብ።
ድንጋዩ ሊያልቅ ደርሶ ድምፁ ተሰነጠቀ፣
"የሕግ መወሰኛ..." አለና ታነቀ፤
ቆይቶ ስማቸውን ጠራ።
እልል አልን። (እልልታ መቼም ቀረጥ የለው።)
ድልድዩ ሊሠራ፣
ቧንቧ ሊዘረጋ፣ መብራት እስከ ካራ!
"ማን መረጣቸው?" ያለ አልነበረም።

እኛ የመረጥነው አቶ ቶለሳን ነው፤ ምልክቱ ፋኖስ፣
በጋሪ የሚመጣ፣ ሱሪው ጭቃ የሚልስ፤
መንገድ ላይ አስቁመን የምንሰድበው፣
"በሚቀጥለው ዙር ፋኖስህን እፍ!" የምንለው።
ፊታውራሪን ማን እፍ ይላል?
መኪናቸው ስትመጣ እንጨቱን አነሣለሁ፤
እንጨቱና እኔ ተራ ገብተናል፣
እሱ ቀና ሲል እኔ ጎንበስ እላለሁ።

ሰው ግን ያወራል፤ ወሬን ኬላ አያግደው።
አውራጃ ገዢ ሳሉ ነው አሉ፣
በመሬት መዝገብ ሰበብ ከትልቅ ሰው የተጋጩት፤
እንዳያስሯቸው ዘራቸው፣
እንዳይተዋቸው አፋቸው፣
ቢቸግር ሾሟቸው።
እዚህ አገር ሽረት እንኳ ካባ ደርቦ ይመጣል።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቀን፣ ጎማቸው ፈነዳ፤
ሾፌሩ ሲታገል
በርጩማዬ ላይ አረፍ አሉ፣ እንደ እንግዳ።
"ጌታዬ፣ ዛሬ ምን ወሰናችሁ?" አልኩ፣
ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ።

"የመጣልንን፤" አሉ። "'የተስማማችሁ ተነሱ' ይባላል፤ እንነሣለን።
አንዱ ሽማግሌ ጉልበቱን አሞት ሳይነሣ ቢቀር፣
'ምን አስቦ ይሆን?' እየተባለ
ሳምንት ሙሉ ሲወራ ነበር።
ይነሱ ያለኝ አባቴ አልተሳሳተም፤
እነሣለሁ፣ ሁንዴ።
መነሣቴ ግን ከወንበሩ ርቆ አያውቅም።"

ስሜን ማወቃቸው ገረመኝ።

"ድልድዩስ?"
"ቶለሳን ጠይቁ፤ እሱ እናንተን ይፈራል።
እኔ የምፈራው አንድ ሰው ነው፤
እሱም በካራ አያልፍም።"
ከዚያ አግዳሚውን በከዘራቸው ነካ አደረጉት፦
"'መወሰኛ' አይደል ቤቱን የሚሉት?
ሕጉን እንጃ። እስካሁን የተወሰንኩት
እኔው ነኝ፣ ከነካባዬ፤
ከዚህ እንጨት እስከዚያ ወንበር፣
ይኸው ነው ዳርቻዬ።"

ጎማው ተቀየረ። እንጨቱን ላነሣ ስል
"ቆይ፤" አሉና ከኪሳቸው ዲናሬ አውጥተው፣
"ደረሰኝ ቁረጥልኝ።"
"ኧረ ጌታዬ፣ እርስዎ..."
"ቁረጥ ብያለሁ።"
ካርቦኑን አስገባሁ። ቀኑን ጻፍኩ፤ ሒሳቡን ጻፍኩ።
"የዕቃው ዓይነት" የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፤
ቀና ብዬ አየኋቸው።
አሰቡ። ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤
"እሱን ተወው፤" አሉ።

በዓመቱ ሒሳብ መርማሪ መጣ፤
ጉርዱን እየገለጠ፣ ጣቱን ምራቁ እያራሰ፣
ከአንዱ ቅጠል ደረሰ።
"ይህ ምንድን ነው? ክፍያ አለ፣ ዕቃ የለም!"
"ዲናሬው ካዝና ውስጥ ነው፣ ጌታው፤
የጎደለ የለም።"